ስለቴን ይዤ ወደ ስካጂት ወንዝ

ከወረታ አውጥቶ ባሕር ላሻገረኝ፣ የሄድሁበትን አስፈጽሞ በእግሬ ወደ ቤቴ ለመለሰኝ አምላክ ምስጋና ይግባው። የማርያም ማኅበር እኅቶቼ «በቃል የነገርሽን ከጽዋው ጋር ያልቃል፤ ጻፊልን» ስላሉኝ ይህን ጻፍሁ። አሜሪካን ሁሉ አላየሁም። ያየሁት ሲያትልን በጥቂቱ፣ ከሲያትል በስተሰሜን ያለች አንዲት ትንሽ የወንዝ ከተማን ደግሞ በደንብ ነው። የምጽፈውም ስለ እሷ ነው።

መጀመሪያ የሄድሁበትን ምክንያት ልናገር። ልጄ ዳዊት በዚያ ክፉ ጊዜ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲሻገር ገና ጢም አላበቀለም ነበር። ወሬው ጠፋ። ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት መጣ። እኔም አንድ ቀን ከማርያም ደጅ ተንበርክኬ፣ «ልጄ በሕይወት ካለ፣ በባዕድ አገር ያበላውን ሰው፣ ማንም ይሁን የትም ይሁን፣ ሄጄ ጉልበቱን እስማለሁ» ብዬ ተሳልሁ። ጃንጥላ ተስዬ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። በኋላ ደብዳቤ ሲመጣ ከአሜሪካ ሆነ። ማውንት ቨርነን ከምትባል ከተማ ዶሮቲና ካርል የሚባሉ ባልና ሚስት ገበሬዎች ተቀብለው ቤታቸው አስገብተውታል። ከእነሱ ጋር ኖሮ፣ ተምሮ፣ ሥራ ፍለጋ ወደ ሲያትል ሄደ። አገባ፤ ሴት ልጅም ወለደ።

የማኅበሬ ሴቶች «ስለትሽን ባሕር ማዶ ተከልሽው» እያሉ ሲስቁብኝ ኖሩ። የነፍስ አባቴን ስለቱን በሌላ ይለውጡልኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ሱዳን ቢሆን ኖሮ በእግርሽ ትሄጂ ነበር?» አሉኝ።

«እሄድ ነበር።»

«እንግዲያው አውሮፕላን ላይ መቀመጥ ከዚያ አይከብድም» አሉ።

ነገሩ በዚሁ ተቆረጠ። ልጄ ወረቀቱን ላከልኝ፤ ቪዛውም ተፈቀደ፤ ኅዳር ሲገባ ተነሣሁ።

መንገዱ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት፣ ከፍራንክፈርት ሲያትል ነው። ስለ አውሮፕላኑ የምለው ብዙ የለኝም፤ ተቀምጦ መጸለይ ነው። ከጎኔ የነበረች ጀርመናዊት ወጣት እግሬ መብረዱን አይታ ከቦርሳዋ የሱፍ ካልሲ አውጥታ አጠለቀችልኝ። ስሟን ሳላውቅ ወረደች። በጸሎቴ «የካልሲዋ ልጅ» እያልሁ እስከ ዛሬ አነሣታለሁ።

የያዝሁት ሁለት ነገር ነበር፤ ጥጡን ራሴ የፈተልሁት ጋቢ ለዶሮቲ፣ ለመንገድ ደግሞ አንድ ከረጢት የገብስ ቆሎ። ሲያትል ስደርስ ፈታሹ ቆሎውን አውጥቶ በጣቱ አገላበጠው። ዘር መስሎት እንደሆነ ገባኝ። አንድ ጭብጥ ዘግኜ ፊቱ ቆረጠምሁ፤ ለእሱም ዘረጋሁለት። አልወሰደም፤ ግን ስቆ አሳለፈኝ።

ልጄ «ሲያትል ነው የምኖረው» ይበል እንጂ ቤቱ ከሲያትል በስተደቡብ፣ ቱክዊላ በምትባል ዝቅ ያለች ሜዳ ላይ ነው። እዚያም ወንዝ አለ። ነገር ግን ከመጋዘኖችና ከአንድ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ኋላ ስለሚያልፍ ሰዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተውት ይኖራሉ። ዝናባቸው የእኛን አይመስልም። የእኛ ነጎድጓድ አስቀድሞ፣ አስፈራርቶ፣ ወርዶ ይሄዳል። የእነሱ ድምፅ የለውም፤ እንደ ሐሜት ዝም ብሎ ይገባል፤ ከገባም አይወጣም።

የልጅ ልጄን ሣራን ያየኋት ያን ጊዜ ነው፤ ስድስት ዓመቷ ነበር። አማርኛ ትሰማለች፤ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው። እኔም ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር የኖርሁባት ጥቂት እንግሊዝኛ ስላለችኝ ተግባባን። ከማቀዝቀዣው በር ላይ የአንዲት ፈረንጅ ባልቴት ፎቶ ተለጥፏል።

«ይች ማናት?» አልኋት።

«ግራንማ ዶሮቲ።»

«እኔስ?»

ትንሽ አሰበችና «ዩ አር እማማ» አለችኝ። ተመስገን፤ እኔም ማዕረግ አላጣሁም አልሁ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱኝ። አዳራሹ የኪራይ ነው፤ ቅዳሴው ግን የእኛው ቅዳሴ ነው። ስንወጣ አንድ ታክሲ የሚነዳ የአዲስ አበባ ልጅ፣ «እማማ፣ ምን ምን አዩ? ረጅሙን ማማ ወጡ? ካልወጡ እኔ ፒክ አደርግዎታለሁ» አለኝ።

«ልጄ፣ እኔ የመጣሁት ጉልበት ልስም ነው» አልሁት። ዳዊትን ቀና ብሎ አየው፤ ዳዊት ጫማውን አየ።

በዚያው ሳምንት የነቢያት ጾም ገባ። የዳዊት ሚስት ዓለም ትጾማለች። እሱ ግን ጠዋት ከማቀዝቀዣው ወተት አወጣ። ማየቴን ሲያይ «እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ፤ አልችልም» አለኝ።

ሳምንቱም የእነሱ የምስጋና በዓል ስለነበረ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው። ዶሮቲ ደግሞ ለበዓሉ ጠርታናለች። ቴሌቪዥኑ በሰሜን በኩል ወንዞች ሞልተዋል ይላል። ዳዊት ስልክ ደወለና ሲመለስ፣ «ዶሮቲን ኮል አድርጌያት ነበር፤ ‹ኑ፣ ግን ቦት ጫማ ይዛችሁ ኑ› አለች» አለን።

ረቡዕ

ጠዋት ተነሣን። ዓለም ሥራ ስላላት ቀረች። አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አልጋ ታነጥፋለች። «እማማ፣ ብርዱ ያገኝዎታል» ብላ የራሷን ካፖርት አለበሰችኝ። እጅጌው ከጣቴ ያልፋል፤ ስጸልይ እየሰበሰብሁት ነበር።

ሲያትል በሐይቅና በባሕር መካከል፣ እንደ አንገት በጠበበች ምድር ላይ ተቀምጣለች። መንገዱ መሐሏን ሰንጥቆ ወደ ሰሜን ይወጣል። አውሮፕላን የሚሠሩባትን ኤቨረትን እንዳለፍን መንገዱ ዝቅ አለና ሜዳ ላይ ወረድን። ሜዳው ውሃ ሆኗል። አጥር ከውሃ ውስጥ ብቅ ብሏል፤ ጭቃ ያልነካው አንድ ከፍታ ላይ ላሞች ተጠጋግተው ቆመዋል።

«ርብ!» አልሁ ሳላስበው። ክረምት በገባ ቁጥር ፎገራን የሚያለብሰው ወንዛችን ፊቴ መጣብኝ።

«ኖ እማዬ፣ ስኖሆሚሽ ነው የሚባለው» አለኝ ዳዊት።

«ስሙን አልጠየቅሁህም» አልሁት።

ከዚያ ወዲያ መኪና ሳይወርዱ ምግብ በመስኮት የሚገዛበት ቤት ጋ ቆመ። ለራሱና ለሣራ ሥጋ ያለበት ዳቦ አዘዘ። «ላንቺ ፖቴቶ ልዘዝልሽ እማዬ?» አለኝ። «ቆሎ አለኝ» አልሁት። ሲበላ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር። እኔም ወደ ላሞቹ አዞርሁ።

ጥቂት እንደሄድን እንዲህ አለኝ፦ «እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እዚህ አገር ጉልበት አይሳምም። ትደነግጣለች።»

«የተሳልሁት ለእሷ አይደለም።»

«ሃግ ታደርጊያታለሽ፤ ቴንክ ዩ ትያለሽ፤ በቃ።»

«ቴንክ ዩ ለሻይ ነው» አልሁት።

ሣራ ከኋላ ሳቀች።

ማውንት ቨርነን የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። ከተማዋ ከወንዙ ምሥራቅ ዳር ናት። ከጀርባዋ ኮረብታ አለ፤ ከፊቷ ስካጂት እንደ ክርን ታጥፎ ያልፋል። ማዶውም ወዲህም እስከ ባሕሩ ድረስ ሜዳ ነው። ድልድዩን ሲያሳየኝ ውሃው ቀልቶ፣ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ እያሽከረከረ ይወርድ ነበር። የእነሱ ዛፍ ከእኛ ዋርካ ቁመቱ ይበልጣል፤ ወንዙ ግን እንደ ጭራሮ ይዞት ይሄዳል።

የዶሮቲና የካርል እርሻ ከከተማዋ ወረድ ብሎ ሜዳው ላይ ነው። ግቢው ስንገባ ካርል ላሞቹን በትልቅ መኪና እየጫነ ወደ ኮረብታው ሰዎች ይልካል። ቁመቱ ረጅም፣ ቅንድቡ ነጭ፣ ንግግሩ ቁጥብ ነው። ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም አለኝና ወደ ላሞቹ ተመለሰ። ወደድሁት። በእኛም አገር ውሃ ሲመጣ ከብት ከእንግዳ ይቀድማል።

ከበረቱ አንዲት ሴት ጥጃ እየገፋች ወጣች። ጭቃ እስከ ወገቧ ደርሷል። ከፎቶዋ አወቅኋት። እጇን ዘርግታ መጣች። እኔም ደረስሁላት፤ ነጠላዬን አደግድጌ ወደ ጉልበቷ ዝቅ አልሁ።

ጉልበቷ ጋ አልደረስሁም። ሁለት እጇን ከብብቴ ሥር አግብታ ወደ ላይ አነሣችኝና «ካርል!» ብላ ጮኸች። ካርል ላም ትቶ ሮጠ። አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ይዘው፣ እግሬ መሬት ሳይነካ ቤት አስገቡኝ። ከመንገዱ ድካም የተነሣ የወደቅሁ መስሏቸው ነበር። ዶሮቲ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ፤ ውሃ አጠጣችኝ፤ የእጄን ትርታ ያዘች። ከዚያ የሚሞቅ ነገር ፍለጋ ሻንጣዬን ከፍታ ጋቢውን አገኘችና አለበሰችኝ። ለእሷ ያመጣሁትን ጋቢ ነው። «ላንች ነው» ብላት እየነካካች ታሞቀኛለች። ዳዊት ከበሩ ቆሞ ሳቁ ከልክሎት ማስረዳት አቃተው።

«ነግሬሽ ነበር እማዬ» አለኝ በኋላ።

«ነገ አለ» አልሁት።

ራት ሲቀርብ ሌላ ጭንቅ መጣብኝ። የላም አርቢ ቤት ነው፤ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ የሞላበት ቤት ነው። እንግዳ ሆኜ እምቢ ማለቱ ከበደኝ። ዶሮቲ ግን ለየት ያለ ሳህን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች፤ በዘይት የተሠራ ድንችና ባቄላ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ ፖም። ጣቷን ወደ ሳህኑ ቀስራ አንድ ቃል ተናገረች።

«ጾም» አለች።

በአማርኛ ነው። «ጾ»ዋን እንኳ አጥብቃ ነው ያወጣቻት። ዳዊትን ቀና ብዬ አየሁት፤ እሱ ጨው ፍለጋ ተነሣ።

ሐሙስ

የበዓላቸው ቀን ነው፤ ግን በዓል የሚያስብ አልነበረም። ዝናቡ አላቋረጠም። ቁርስ ላይ ካርል ወንዙን ሊያስረዳኝ ጠረጴዛውን አጸዳ። ዳዊት ያስተረጉማል። ስኳሩን በስተቀኝ ከመረ፤ ተራራው ነው። ቢላዋውን አጋደመ፤ ወንዙ ነው። የጨው ዕቃውን በስተግራ አቆመ፤ ባሕሩ ነው። ስካጂት ከካናዳ ተራሮች ይነሣል። የበረዶውን ውሃ ሰብስቦ፣ አፈሩን ይዞ ይመጣና ባሕሩ ዳር ሲደርስ ያወርደዋል። ይህ ሁሉ ሜዳ ወንዙ ያመጣው ነው። ርብም ለፎገራ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የሚያበላንም የሚያሰጥመንም እሱ ነው።

ከዚያ ካርል የጥርስ እንጨት ዘግኖ ቢላዋው ላይ በተነው። ከጥንት ጀምሮ ወንዙ ያወረደው ግንድ እዚህ ቦታ ላይ ተቆልፎ ነበር አለ። ከማርጀቱ የተነሣ ግንዱ ላይ አፈር ተከምሮ፣ አፈሩ ላይ ሌላ ዛፍ በቅሎ ነበር። ውሃው ከሥር ይሄዳል፤ ሰው ከላይ በደረቅ እግሩ ይሻገራል። የአገሩ ቀደምት ሰዎች፣ ወንዙ በስማቸው የሚጠራው፣ ከዚያ ሲደርሱ ታንኳቸውን ተሸክመው በየብስ ይዞሩ ነበር። በኋላ ነጮች መጡ። ጥቂት ሰዎች መጥረቢያና መጋዝ ይዘው ግንዱን መቁረጥ ጀመሩ። ዓመታት ወሰደ። መንገዱ ሲከፈት መርከብ ወደ ላይ ወጣ፤ መርከቡ በሚቆምበት ዳርም ይህች ከተማ ተወለደች። ስሟን ያወጡላት በአገሩ ሌላ ዳርቻ ባለው በመጀመሪያው ፕሬዚዳንታቸው ርስት ነው። ገበሬዎቹ ደግሞ ረግረጉን በአካፋና በጋሪ አፈር እየከመሩ ከለሉት፤ ዙሪያውን ያለው የአፈር ግድብ የእነሱ ነው።

«አያቶቻችን ወንዙን ሲከፍቱ ሞቱ፤ እኛ ደግሞ ስንዘጋው እንሞታለን» አለ ካርል። ዶሮቲ በጨርቅ መታችው። ሣራ የጥርስ እንጨቶቹን አንድ በአንድ ለቀመች፤ ወንዙን የምትከፍት እሷ ሆነች።

ወዲያው ከከተማው ስልክ ተደወለ። ውሃው እየጨመረ ነው፤ አካፋ መያዝ የሚችል ሁሉ ይምጣ ተባለ። ዶሮቲ ተነሣች። እኔም ተነሣሁ።

«እማዬ፣ አንቺ እዚህ ሁኚ፤ ኦኬ?» አለኝ ዳዊት።

«ፎገራ ላይ ማን ቤት ተቀምጧል?» አልሁት።

የከተማዋ ዋና መንገድ የቆዩ የጡብ ሱቆች የተደረደሩበት ነው። ከሱቆቹ ኋላ ግድቡ ይነሣል። እሱን ወጥተው ወዲያ ሲመለከቱ ወንዙ አለ፤ ዞር ብለው ሱቆቹን ሲመለከቱ ደግሞ ከውሃው በታች ናቸው። ወንዝ ቀና ብሎ የሚታይበት ከተማ ያየሁት እዚያ ብቻ ነው። መኪና አሸዋ ይዘረግፋል። ባለሱቁ፣ መምህሩ፣ ቄሱ፣ ተማሪው ጆንያ ይሞላል፤ ተሰልፎም እጅ በእጅ ያሳልፋል። በእኛ አገር ደቦ ሲሆን አውጪ አለ፣ ተቀባይ አለ፣ ዘፈኑ ሥራውን ይጎትተዋል። እዚህ አንድም ሰው አይዘፍንም። የሚሰማው አካፋ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ማንም አልቆመም።

ዶሮቲ ግራ ጉልበቷ በሽተኛ ኖሯል፤ መንበርከክ አትችልም። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ በአካፋ ትዘግናለች። እኔ ፊቷ ተንበርክኬ የጆንያውን አፍ እይዛለሁ። ካርልና ዳዊት ሰልፉ ውስጥ ናቸው። ሣራ ማሰሪያ ገመድ ታቀብለናለች።

የመጀመሪያዎቹን ጆንያዎች እንደ ጤፍ ጆንያ እስከ አፋቸው አስሞልቼ፣ በደንብ ጥፍር አድርጌ አሰርኋቸው። ኩራት ብጤም ተሰማኝ። አለቃው መጣ። አንዱን አንሥቶ መሬት ላይ ጣለው፤ ተንከባለለ። ፈትቶ ግማሹን አፈሰሰና እንደገና ጣለው፤ እንደ ድመት ተኛ። ለካ የሞላ ጆንያ ውሃ አይከለክልም፤ ከጎረቤቱ ጋር የሚገጥመው ጎዶሎው ነው። ዶሮቲ እኔን እያየች ስትስቅ ባልዲው ከሥሯ ሊያመልጥ ነበር። ፈትቼ እንደ አዲስ አሰርሁ።

እረፍት ሲሆን ቆሎዬን አወጣሁ። ለዶሮቲ፣ ለአለቃውም፣ አጠገባችን ለነበሩትም ዘገንሁላቸው። መጀመሪያ በጥርጣሬ አንድ ሁለት ፍሬ ቀመሱ፤ ከዚያ ከረጢቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረና ባዶውን መጣ።

ዶሮቲ የዝናብ ልብሷን ገልጣ ጉልበቷን ታሻለች። ጭቃ ለብሷል፤ አብጧል። ከፊቴ፣ ከአፌ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ከፊቱ ተንበርክኬ ኖሬ አሁን ገና አየሁት። በስመ አብ ብዬ ሳምሁት።

አልጮኸችም። ዓይኗ በራና ለሣራ አንድ ነገር አለቻት። ሣራ ስቃ በእንግሊዝኛና በአማርኛ አቀላቅላ ነገረችኝ። በእነሱ አገር ልጅ ወድቆ ሲጎዳ እናቱ እንዲሻለው ቁስሉን ትስመዋለች። ዶሮቲ እኔም ጉልበቷ እንዲሻላት የሳምኋት መስሏታል። «ሺ ሴይስ ቴንክ ዩ» አለችኝ ሣራ። «ሺ ሴይስ ኢትስ ቤተር ኦልሬዲ።» ከአሁኑ ተሽሎኛል ማለቷ ነው።

አላረምሁም። ለእግዚአብሔር ግን «አድርሻለሁ፤ አንተ ታውቃለህ» አልሁት። ጆንያዬን ያዝሁ።

ዓርብ

ጠዋት ዝናቡ ቆሞ አገኘነው። ግድቡ ችሏል፤ ከተማዋ አልሰጠመችም። ከእርሻቸው በታች ያለው ግን ተደርምሶ የካርል የታችኛው ማሳ ባሕር ሆኗል። ካርል ከበረቱ ደጃፍ ቆሞ አየው። ውሃው ላይ ነጫጭ ትልልቅ ወፎች ወርደው ይዋኙ ነበር። ከሰሜን በረዶ ሸሽተው ክረምታቸውን እዚያ የሚያሳልፉ ናቸው አሉኝ። «የእኔን ቤት ውሃ የሚወዱ እነሱ ብቻ ናቸው» አለ ካርል። ከዚያ ውስጥ ገብቶ ፊቱን ታጠበ። እንዲህ ያለ ሰው በእኛም ሰፈር አለ፤ እርሻው ሲሄድ የሚታጠብ።

ማታ ሳይሆን ምሳ ላይ፣ የበዓሉ ተርኪ፣ ዶሮ የሚመስለው ትልቁ ወፍ፣ በአንድ ቀን ዘግይቶ ወጣ። ጆንያ ሲሞሉ የዋሉ ጎረቤቶች መጥተው በሉና ሄዱ። ለእኔ ድንቹና ባቄላው ቀረበ። ጋቢውን ዶሮቲ ትከሻዋ ላይ አድርጋው ነበር፤ ዳዊት የማን እንደሆነ በስተመጨረሻ ነግሯት። ሣራ የትናንቱን ለአባቷ አወራችለት፤ እማማ ግራንማን እንዲሻላት ጉልበቷን እንደሳመቻት።

ዳዊት ሹካውን አስቀመጠ። «እንደሱ አይደለም» አለ። ከዚያ ለዶሮቲ በእንግሊዝኛ ስለቱን ነገራት። ሱዳንን ሲጠራ ሰማሁ፤ ማርያምን ሲጠራ ሰማሁ። ሲጨርስ ዶሮቲ ጋቢውን ሰበሰበች። መናገር ስትጀምር ለእኔ ነበር የምትናገረው፤ ዳዊት ያስተረጉምላታል።

«ወደ ቤታችን በመጣ በመጀመሪያው ኅዳር» አለች፣ «ልጁ መብላት አቆመ። ዳቦና ድንች ይበላል። ወተቱን ይመልሳል፤ እንቁላሉን ይመልሳል፤ ቅቤ የነካውን ሁሉ ይመልሳል። ታመመ ብለን ሐኪም ጋ ወሰድነው። ሐኪሙ ምንም አላገኘም። እንግሊዝኛ ገና ብዙ አልነበረውም። አንድ ቀን ከዚህ ወንበር ላይ፣ አሁን ከተቀመጠበት…»

ዳዊት እዚህ ላይ አቆመ። ዶሮቲ ጠበቀችው። ሣራ አባቷን አየችው።

«እሺ፣ ምን አለች?» አልሁት።

«‹እናቴ አትበላም፤ እኔም አልበላም› አለኝ ነው የምትለው» አለኝ።

ዶሮቲ ቀጠለች። «የት እንዳለሽ አላውቅም፤ በሕይወት መኖርሽንም አላውቅም ነበር። ግን አንዲት ሴት የሆነ ቦታ ቅቤ ሳትበላ ተቀምጣለች፤ ይህ ልጅም አብሯት ማዕድ ላይ ነው ያለው ብዬ አሰብሁ። ከዚያ በኋላ አበሳሰሌን ለወጥሁ። ቃሉንም እሱ አስተማረኝ። ስለዚህ ያበላሁት እኔ አይደለሁም። ደንቡን ያወጣሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ ማንኪያ ይዣለሁ።»

ዳዊት ይህንን ሁሉ አስተረጎመ። ራሱ የተናገረውን ነገር፣ እሱ የረሳውን፣ እሷ ያልረሳችውን። ሲጨርስ የተርኪውን ሳህን ትንሽ ወደዚያ ገፋው።

ተነሥቼ ዶሮቲን በድጋሚ ልስማት ዝቅ ስል ካርል «ኦ፣ ኖ!» ብሎ ከወንበሩ ተስፈነጠረ። ሁላችንም ሳቅን። በዚህ ጊዜ ግን ዶሮቲ እጇን አንሥታ አስቆመችውና ዝም ብላ ተቀመጠችልኝ። ሁለቱንም ጉልበቶቿን ሳምሁ። እሷ ደግሞ እጄን አንሥታ ገመዱ ያቆሰለውን ጣቴን ሳመችው።

«ሶ ኢት ጌትስ ቤተር» አለች ሣራ፤ እንዲያስተረጉምላት ማንም ሳይጠይቃት።

ቅዳሜ

መንገዱ ተከፍቷል ተባለና ተነሣን። ዶሮቲ የፖም ሳጥን ጫነችልን። ካርል ለእኔ ከበረቱ አንድ ባዶ ጆንያ አምጥቶ ሰጠኝ፤ አካፋ የሚመስል ምልክት ታትሞበታል። «በእናንተ ወንዝ ለሚሠሩት አሳዪአቸው፤ ግማሽ ብቻ በዪአቸው» አለኝ በዳዊት በኩል። ጆንያው ዛሬ ቤቴ አለ፤ ክረምት ሲመጣ ለጎረቤቶቼ አሳይቼበታለሁ። አንዳንዶቹ አሁንም እስከ አፉ ይሞላሉ።

ዶሮቲ ጋቢዋን ለብሳ ከአጥሩ ዳር ቆማ ሸኘችን። ግራ እግሯን ሳታሳርፍ የቆመች መሰለኝ። እግዚአብሔር ያውቃል።

ሜዳውን ስናልፍ ውሃው መጉደል ጀምሯል፤ አጥሮቹ ረዝመዋል። ስኖሆሚሽን ከማለፋችን በፊት ምግብ በመስኮት የሚገዛበት ያው ቤት ጋ ቆመ። መስኮቱ ዳር ያለው የድምፅ ማጉያ ሣጥን «ምን ልታዘዝ?» ብሎ ጠየቀው።

«ሦስት ፖቴቶ» አለ ዳዊት።

«ዳዲ፣ ኖ በርገር?» አለች ሣራ።

«ዛሬ ጾም ነው» አላት በአማርኛ።

«ዋትስ ጾም?»

ዳዊት በመስተዋቱ ወደ እኔ አየ። መልሱን ከእኔ ጠበቀ። እኔም ከሣራ ጭን ላይ የወደቀውን የዶሮቲን ፖም አንሥቼ ሰጠኋትና፣

«እሱንማ ግራንማ ዶሮቲን ጠይቂያት» አልኋት።

ድንቹ ጨው በዝቶበት ነበር። ሦስታችንም ጨረስነው።